ጮክ ብለን ያነበብንለት ማሽን

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም ስልክ ሲጠራ መደንገጤን አልተውኩም። ልጄ «እማዬ፣ አሁን እኮ ለሥራ የሚፈልግሽ የለም» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። የሚደውልልኝ ወይ የዕድራችን ጸሐፊ ነው ወይ እሷው ራሷ ናት። እኔ ግን ማን እንደደወለ አይቼ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው «አቤት» የምለው። ባልደረቦቼ የስንብት ግብዣ ባደረጉልኝ ዕለት አንዲት ወጣት መሐንዲስ በሥራ ዘመንዎ ከሁሉ የከበደዎ ምን ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ኬክ እየተቆረሰ የሚወራ ነገር አልነበረም። ስለ ጎንደር ብርድ አንድ ሁለት ቀልድ ተናግሬ አለፍኩት፤ ቤቴ ገብቼ ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ፈሪ መሆኔን ከአሁኑ ልናገር። ከልጅነቴ ጀምሮ ጅብ እፈራለሁ፣ መብረቅ እፈራለሁ፣ የሒሳብ አስተማሪ እፈራለሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ሲደርሰኝ ኤሌክትሪኩን ራሱን ፈራሁት። ወደ ኮምፒውተር ያዘነበልኩት ለዚህ ነው፤ በዚያች ትንሽ ቮልት ሰው አይሞትም ብዬ። የዋህ ነበርኩ።

መጀመሪያ የተመደብኩት እዚሁ ጎንደር ከተማ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ርዕሰ መምህሩ ኮምፒውተሮቹ እንዳያረጁ ክፍሉን ቆልፈው ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ተማሪዎቼ ኪቦርድ የተማሩት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬላቸው ነው። ከዚያ ወደ ሕክምና መሣሪያ ጥገና ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘኋቸው አለቃ ደግሞ ነክተሽው ከሚበላሽ ሳትነኪው ተበላሽቶ ይቀመጥ ባይ ናቸው፤ መጋዘኑ ያልተነካ ብልሽት ሞልቶት ነበር። ደሞዙ የመንግሥት ደሞዝ ነው፣ ስለሱ ብዙ የሚባል የለም። ሥራ ማለት ምን እንደሆነ የገባኝ አዘዞ፣ ከአየር ማረፊያው መንገድ ወረድ ብላ ወደነበረችው ትንሽ ወርክሾፕ ከሄድኩ በኋላ ነው። አያ ጌጡን ያገኘሁት እዚያ ነው።

አያ ጌጡ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። እንደ ወጉ «ጋሽ» ልንላቸው ስንሞክር ጋሽ ለከተሜ ነው ብለው አያን አስለመዱን። እስከ ጉርምስናቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ከደብር ደብር ዞረዋል፤ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት ዘግይተው ነው። ኋላ ኤሌክትሮኒክስ ተማሩ፣ ውጭ አገር ደርሰው መጡ፣ አስተማሩም። ነገር ግን ከቄስ ትምህርት ቤት የወጡ አይመስለኝም። ኮምፒውተራቸው አጠገብ ሁልጊዜ አንዲት ስንደዶ ነበረች፤ ሕፃናት ፊደል ሲቆጥሩ የሚጠቁሙባት ዓይነት። ስክሪን ላይ ያለ ኮድ የሚጠቁሙት በእሷ ነው። ስትሰበር ከቤታቸው ሌላ ያመጣሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የተጻፈ ፕሮግራም ሁሉ ማሽኑ ላይ ከመጫኑ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ያውም ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ምልክቱ ሳይቀር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀጥሎ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚያደርግ እየተነገረ ይነበባል። ሦስተኛው ቁም ንባብ ነው፤ ሳይደናቀፉ መውረድ። አንዱ ሲያነብ ሌላው ዐይኑን ጨፍኖ ማሽኑን ይሆናል፤ የትኛው ቦታ ምን ቁጥር እንደተቀመጠ በልቡ ይዞ ይከተላል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል። ከተሳሳተ ንባቡ እንደ አዲስ ይጀመራል። አብሮን የሚሠራው መላኩ፣ በወጣትነቱ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረ ቀልደኛ ሰው፣ ስገባ መሐንዲስ ነበርኩ፣ ስወጣ ዲያቆን እሆናለሁ ይል ነበር። ግን እሱም ያምንበታል። በንባብ የያዝናቸው ስሕተቶች ብዙ ናቸው፤ አንብበን ያሳለፍነው ፕሮግራም ሲወድቅ አላየሁም። እንደ እኔ ላለ ፈሪ ከዚህ የበለጠ ምን መጠለያ አለ? ሦስት ጊዜ ከተነበበ በኋላ እንቅልፌን እተኛ ነበር።

የምንሠራው መሣሪያ ለአራስ ሕፃናት ክፍል የሚሆን ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን እግር ላይ የምትታሰር ትንሽ መብራት አለች፤ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ትለካለች። የእኛ መሣሪያ የአልጋዎቹን ሁሉ ልኬት ሰብስቦ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ያሳያል። ሕፃኑ ደህና ከሆነ የአልጋው ቦታ አረንጓዴ ይሆናል፣ ኦክስጅኑ ከወረደ ቀይ ይሆንና ይጮኻል። አንዲት ነርስ ብቻዋን ክፍሉን ሙሉ በምትጠብቅበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አለ፤ ማሽኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚነቃው፣ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ተራ የሚያስይዛቸው፣ ሜሞሪ የሚያካፍላቸው እሱ ነው። ከማንም አልገዛነውም። አያ ጌጡ ራሳቸው ጀምረውት፣ እኔና መላኩ አብረን ያሳደግነው፣ ትንሽ ግን ታማኝ ነበር።

ለብዙ ዓመታት የሚሠራው ከቢሮ በተጣሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። እነሱ መብራት ይበላሉ። መብራት እየሄደ እየመጣ ሁለቱን አቃጠለብን፤ የቀሩትም ባትሪያቸው ቶሎ ያልቅ ነበር። ስለዚህ በስልክ ውስጥ የሚገኘው ዓይነት ፕሮሰሰር ያለበት ትንሽ ቦርድ ተመረጠ። በአንዲት ባትሪ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ችግሩ ፕሮሰሰሩ የሌላ ወገን መሆኑ ነው። ትእዛዞቹ ሌላ፣ አነሣሡ ሌላ፣ ሜሞሪ አያያዙ ሌላ። አሮጌው ትእዛዝ የሚፈጽም አንድ ራስ ነበረው፣ ይኼኛው አብረው የሚሠሩ ብዙ ራሶች አሉት። ኦፕሬቲንግ ሲስተማችንን ወደዚያ ማሻገር ነበረብን።

ጊዜው ኢንተርኔት የተቋረጠበት ወቅት ነበር፤ የምንጠይቀው ሰው የለም። በእጃችን ያለው መላኩ አስቀድሞ ያወረደው የቦርዱ መመሪያ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ማሽኑ ሲነሣ የሚሠራትን የመጀመሪያዋን ቁራጭ ጻፍናት። እዚያ ደረጃ ላይ ስክሪንም ደወልም የለም፤ መኖሩን የምታውቀው በገመድ አንዲት ፊደል ከላከልህ ነው። ለብዙ ቀናት አልላከም። ቦርዱ ይሞቃል፣ ዝም ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊደሏ ብቅ አለች። መላኩ እልል አለ፣ አያ ጌጡ አማተቡ፣ እኔ ደግሞ የምትጠፋ መስሎኝ ዐይኔን ሳልነቅል ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትግል ነው። አንዱን ፕሮግራም አቁሞ ወደ ሌላው ሲዞር የያዘውን ቁጥር ሁሉ የት እንደሚያስቀምጥ እንደገና መጻፍ። ሰዓቱን መጻፍ። አሮጌው ፕሮሰሰር በዝምታ የሚያልፋቸውን አንዳንድ አቀማመጦች አዲሱ እንቢ ብሎ ቀጥ ይላል፤ እነሱን እየፈለጉ ማስተካከል። ባትሪ ለመቆጠብም ብለን የአንድ አልጋ ልኬት ወደ ስክሪኑ የሚላከው ጉልህ ለውጥ ሲያሳይ ብቻ እንዲሆን አደረግን፤ ካልተለወጠ ምን ያደክመዋል ብለን። ይህን ሁሉ አነበብነው፣ ሦስት ጊዜ። በዚያ ወራት እኔን ያስፈራኝ ማሽኑ ቀጥ ማለቱ ነበር። አሁን ሳስበው ቀጥ የሚል ማሽን ምኑ ያስፈራል፤ መታመሙን ነግሮሃል።

አዲሱን መሣሪያ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ አንድ ሆስፒታል አስገባን። ስሙን አልጠራውም። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ትርንጎ ነበረች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት። መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ እንደበራ መቅረቱን ስታይ ከደስታዋ ብዛት አያ ጌጡን አቅፋ ሳመቻቸው። እናቶቹን ራሷ እየዞረች አስረዳቻቸው፤ አረንጓዴ ከሆነ አትስጉ፣ ቀይ ከሆነ እኔው እመጣለሁ እያለች። እኛም ረክተን ተመለስን።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ወርክሾፕ ሳለን ስልኬ ጠራ። ሲስተር ትርንጎ ነበረች። ሰላምታ የለም።

«አስናቀች፣ ልጁ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ስክሪናችሁ አረንጓዴ ነው» አለችኝ።

መርፌ ልትወጋው ሄዳ ነው ያየችው። ኦክስጅን ሰጥተውት ልጁ ነፍስ ዘርቷል። ስክሪኑ ግን ልጁ ከጠቆረም በኋላ ደህና ነው እንዳለ ቆየ፤ ገመዱን ነቅላ መልሳ ስትሰካው ነው ትክክለኛውን ያሳየው። ስልኩን ለአያ ጌጡ አቀበልኩና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የልጁን መትረፍ ሰምቼ ደስ ይበለኝ ብል፣ ሌላ ጊዜ መርፌ የሌለበት ሰዓት ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ ከለከለኝ።

በማግስቱ ሆስፒታሉ ደረስን። ገመዱን ፈተሽን፣ ደህና። እግሩ ላይ የምትታሰረውን መብራት ፈተሽን፣ ደህና። ቀኑን ሙሉ ስክሪኑ ሥር ተቀምጠን ብናይ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ምክንያቱን እስክናውቅ እናንሣው አልኩ። ሲስተር ትርንጎ የክፍሉ አሮጌ መሣሪያ እንደተቃጠለ ታውቃለች። ብታነሡት ማን ይጮህልኛል አለች፤ እየዞርኩ በዐይኔ አያለሁ፣ የሚይዘውን ያህል ይያዝልኝ አለች። ተስማማን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ስልክ ጠላቴ የሆነው። ሲጠራ አንድ ሕፃን ይመስለኛል። ባለቤቴ ዳቦ ገዝተሽ ነይ ሊለኝ ሲደውል እንኳ ማን ታመመ ነበር የምለው።

አያ ጌጡ ያሉት አንድ ነገር ነው፤ እናንብበው። አነበብነው። እንደገና አነበብነው። ምንም የለም። ሰብሳቢው ፕሮግራም አዲሱን ልኬት በቦታው ይጽፋል፤ ቀጥሎ አዲስ መጥቷል የሚል ምልክት ያቆማል። አሳዪው ፕሮግራም ምልክቱን ሲያይ ልኬቱን አንሥቶ ስክሪን ላይ ያወጣል። መጀመሪያ ልኬቱ፣ ከዚያ ምልክቱ። ሕፃን የሚገባው ነገር ነው። አያ ጌጡ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ ስንደዶዋን አስቀምጠው «ንባቡ ቀጥ ያለ ነው» ይሉ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ ቃላቸው አላሳረፈኝም። ንባቡ ቀጥ ያለ ከሆነ ልጁ ለምን ጠቆረ?

አንድ ቀን መላኩ በዚህ ማሽን ውስጥ ብዙ ራስ አለ፣ እኛ ግን ሁልጊዜ አንድ ማሽን ብቻ ሆነን ነው የምንሰማው አለ። እውነት ነው። ስለዚህ እሱ ሰብሳቢው ራስ ሆነ፣ እኔ አሳዪው። አያ ጌጡ ሲያነቡ እሱ ቁጥሩን ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ላይ በቀኝ እጁ ይጽፋል፤ ምልክት አቁም የሚለው መስመር ሲነበብ ግራ እጁን ያነሣል። እኔ የእሱን እጅ ሳይ ሰሌዳውን አንብቤ ቁጥሩን እናገራለሁ። ሁለቱ ዙሮች ደህና አለፉ። በሦስተኛው አያ ጌጡ ቁም ንባቡን ያወርዱት ጀመር። መላኩ ለመድረስ ሲጣደፍ ቀኝ እጁ ገና ሳይጽፍ ግራ እጁ ተነሣ። እጁን አየሁ፣ ሰሌዳውን አነበብኩ፣ ያለፈውን ቁጥር ተናገርኩ።

አያ ጌጡ በስንደዶዋ ጠረጴዛውን መታ አድርገው መላኩን ከንባቡ አትቅደም፣ መጀመሪያ ጻፍ ከዚያ አንሣ አሉት። መላኩ ሳቀ። እኔም ፈገግ ልል ስል ሰሌዳውን መልሼ አየሁት። የተናገርኩት ቁጥር የደህና ልጅ ቁጥር ነበር። የተነበበው ደግሞ የሚታፈን ልጅ ቁጥር ነው።

መላኩ ተራ ሲስት የሚገሥጹት አያ ጌጡ አሉለት። እኔና እሱ ተራውን የምንጠብቀው አንድ ድምፅ ስለምንሰማ ነው። ማሽኑ ውስጥ ግን የሚያነብ ሰው የለም። ይህን ጮክ ብዬ ለመናገር ፈራሁ፤ የእሳቸውን ዕድሜ ልክ ሥራ የምነካ መሰለኝ።

«አያ፣ መስመሮቹን በተጻፉበት ተራ ባያደርጋቸውስ?» አልኳቸው።

እንዴት ተደርጎ፣ የተጻፈውን ትቶ ምን ሊያደርግ አሉ። አልተቆጡም፤ ግራ ገብቷቸው ነው። ከመከራከር መሞከር ይሻላል ብዬ አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። አንዱ ራስ ቁጥር ይጽፍና ምልክት ያቆማል፣ ሌላው ምልክቱን አይቶ ቁጥሩን ያነባል፤ ምልክቱ አዲስ፣ ቁጥሩ አሮጌ የሆነበትን ጊዜ ሁሉ ይቆጥራል። እኛ ባነበብነው መሠረት ቆጣሪው ከዜሮ መነቃነቅ የለበትም። አስጀምረነው ምሳ ልንበላ ወጣን። እኔ ምሳዬን አልበላሁም። ስንመለስ ቆጣሪው ዜሮ አልነበረም።

ብዙ አይደለም። ከእልፍ አእላፍ ጊዜ ጥቂት። ግን ነበረ፤ እያየነውም አንድ ጨመረ። አሮጌው ፕሮሰሰር አንድ ራስ ብቻ ስለነበረው የጻፈውን ያው ራሱ በተጻፈበት ተራ ያየው ነበር። ይኼኛው ለፍጥነት ሲል የቀደመለትን ያስቀድማል፤ ተራ እንዲጠብቅ ከተፈለገ ለይቶ ማዘዝ ያስፈልጋል። ሠሪዎቹ የደበቁት ነገር አይደለም፣ አሠራሩ ነው። እኛ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ብለን ለውጥ ሲኖር ብቻ ላክ ስላልነው፣ ያቺ አንዲት መልእክት ከተሳተች ሌላ ለውጥ እስኪመጣ ስክሪኑ የድሮውን ይዞ ይቀራል። የልጁ ኦክስጅን ወርዶ እዚያው ታች ከቆየ፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው።

አያ ጌጡ መነጽራቸውን አውልቀው ቆጣሪውን ሲያዩ ቆዩ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ስናነብ ለማን ኖሯል የምናነበው?» አሉ።

መላኩ ሳይቀልድ ስልኬን አቀበለኝ።

ወዲያው ለሲስተር ትርንጎ ደወልኩና ስክሪኑን ጨርሶ እንዳታምነው ነገርኳት፤ ለሆስፒታሉ ኃላፊም ሁሉን አስረዳን። መፍትሔው በራሱ አጭር ነው፤ በልኬቱና በምልክቱ መካከል ልኬቱ ለሁሉም ሳይታይ ምልክቱ አይታይ የምትል አንዲት ትእዛዝ ማስገባት። ሥራው ያለው እንዲህ ያለ ቦታ በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ውስጥ ስንት እንደሆነ መፈለግ ነው። በየጥጉ ነበር። ልኬቱም ለውጥ ኖረም አልኖረም እንዲላክ አደረግን፤ ባትሪው የፈለገውን ይሁን። በዚህ ጊዜ አላነበብነውም። ቆጣሪውን ሌት ከቀን አስሮጥነው፤ ዜሮ ላይ ቆመ። አያ ጌጡ በየጠዋቱ ገብተው መጀመሪያ እሱን ያያሉ፣ ከዚያ ነው እንዴት አደራችሁ የሚሉን።

መሣሪያውን መልሰን ልንተክል በሄድን ቀን ሲስተር ትርንጎ ሻይ ጋብዛን ስናወራ ድንገት ብርጭቆዋን አስቀመጠች። ከዚያ ያቺ ከድብ ባሕር የመጣችው እናትስ አለች። ሲስተር ትርንጎ ከንፈሩ የጠቆረውን ልጅ ከማየቷ በፊት፣ አዲሱ ስክሪን በተተከለ ሰሞን፣ በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ የነበረ አንድ ወንድ ሕፃን ሞቷል። ያለ ጊዜው የተወለደ ስለነበር ሐኪሙ ሳንባው አልጠናም ብሎ ነበር፤ ማንም አልተጠራጠረም። እሷም ሌላ አልጋ ላይ ተጠምዳ ስለነበር ስክሪኑን አላየችም። ደወል አለመስማቷን ታስታውሳለች፤ ግን ያን ሰዓት ክፍሉ ሁሉ ጩኸት ነበር። መሣሪያው ያለፈውን አያስቀምጥም። ስክሪኑን ስታይ የነበረች አንድ ሰው ብቻ ናት፤ እናቱ።

አያ ጌጡ ሄደን እንጠይቃት ሲሉ እኔ መሄድ አልፈለግሁም። ሐኪሙ ያለው ሊሆን ይችላል፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ በየቀኑ ይሞታል፣ ሴትዮዋ ሐዘኗን ገና አልጨረሰችም፣ መንገዱም የሚታመን አይደለም አልኩ። ምክንያት ደረደርኩ። አያ ጌጡ ሁሉን ከሰሙ በኋላ እኔ እሄዳለሁ፣ አንቺ አትገደጂም አሉ። ብቻቸውን እንዴት ልልቀቃቸው? ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ጎን ለጎን ተቀመጥን። በልቤ የምለምነው አንድ ነገር ነበር። ቀይ ነበር ትበለን። ጮኾ ነበር ትበለን። ጮኾ ማንም ሳይደርስለት ቀረ ብትል እንኳ ለእኔ እረፍት ነበር። እንዲህ ያለ ጸሎት መጸለዬ ያሳፍረኛል፤ ግን ያን ቀን የጸለይኩት እሱን ነው።

ጥሩዬ ትባላለች። ቤቷ ከመንገዱ ዳር ገባ ብሎ ነው፤ ገብስ ልታሰጣ ወጥታ አገኘናት። ወጣት ናት፣ ከልጄ ታንሳለች። የስክሪኑ ሠሪዎች መሆናችንን አያ ጌጡ ሲነግሯት ፊቷ ፈካ። መደብ ላይ አጎዛ አነጠፈችልን፣ ጠላ ቀዳችልን። እስከዚህ ድረስ ለእኔ ብላችሁ ምነው ደከማችሁ አለች። አያ ጌጡ እንደምንም ብለው ልጁ ያረፈ ዕለት ስክሪኑን አይተሽው ነበር ወይ ብለው ጠየቋት።

«አየሁት እንጂ አያ። ከእሱ ዐይኔን መች ነቅዬ» አለች። «ሲስተሯ አረንጓዴ ከሆነ አትስጊ ብላኝ ነበር። እስተ መጨረሻው አረንጓዴ ነበር። እንዲያውም ከንፈሩ ጠቆር ቢልብኝ እሷን ልጠራ ተነሣሁ። ዘወር ብዬ ባይ አረንጓዴ ነው። ፈሪ ሆኜ ነው ብዬ ተመልሼ ተቀመጥሁ። ሸጋ ማኪና ነው፤ እሱ ባይኖር እኔም በጭንቀት አልቅ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።»

የያዝኩት ጣሳ ከበደኝ። በዚያች ደቂቃ የፈራሁትን ያህል በዕድሜዬ ፈርቼ አላውቅም። የፈራሁት ከእንግዲህ የምናውቀውን አልነበረም፤ እሱን አውቀነዋል። አያ ጌጡ ሊናገሩ መሆኑን ነው። ይህች ልጅ ጥቂትም ቢሆን የተጽናናችበት ነገር አላት፤ እሱን ልንወስድባት ነው። እጃቸውን ያዝ አደረግሁ። ቀስ ብለው አስለቀቁኝ።

«ልጄ፣ ያ ማኪና ተሳስቶ ነበር» አሏት። «አረንጓዴ መሆን አልነበረበትም። ጠቆረብኝ ብለሽ የተነሣሽው አንቺ ልክ ነበርሽ። አሁን አስተካክለነዋል፤ አንቺ ሳታውቂ እንድትቀሪ ግን አልወደድንም።»

መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን እያየች ፈገግታዋ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ቀስ እያለ ከፊቷ ሄደ።

«እንግዲያው ያነዜ ብጠራት ኖሮ» አለች፤ አልጨረሰችውም።

አያ ጌጡ አቀረቀሩ። ይተርፍ ነበር ቢሏት እሷን መግደል ነው፤ አይተርፍም ነበር ቢሏት የማያውቁትን መናገር ነው። ሁለቱንም አላሉም። ጥሩዬ ጥፋቱን ወደ ራሷ እየጎተተች እንደሆነ ዐይኗ ውስጥ ይታየኝ ጀመር። ይህን ጊዜ እኔ ተናገርኩ።

«አንቺማ ልትጠሪ ተነሥተሽ ነበር» አልኳት። «አትጥሪ ያልንሽ እኛ ነን።»

ከውጭ ገብሱ ላይ የመጡ ዶሮዎች ይሰማሉ፤ አላባረረቻቸውም። በኋላ ተነሣችና ጠላው በግማሽ እንዳለ ሁለቱንም ጣሳ ከፊታችን አነሣች።

«በሉ አሁን ሂዱልኝ» አለች።

ቁጣ አልነበረበትም። ነጠላችንን አደላድለን ወጣን። እስከ መንገዱ የሸኘን ሰው አልነበረም።